በጨረቃ በረዶ ውስጥ የቀረው ዘንግ

ብርድ ላይ ስትሠሩ እግራችሁ ካመማችሁ ደግ ነው። የሚያስፈራው ሕመሙ ሲተዋችሁ ነው። ያን ጊዜ የያዛችሁትን ሁሉ ጥላችሁ ወደ ሙቀት ሂዱ። አሁን ወደ ማሰልጠኛችን ለሚመጡት ልጆች፣ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የምነግራቸው ይህንን ነው። ለሚሬይ ግን አልነገርኳትም ነበር። ሦስት የበረዶ ወቅት ሙሉ ከእኔ ጋር ስትሰረስር አንድ ቀን እንኳ ከአፌ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ልንገራችሁ። ለእኔ የሚያኮራ ነገር የለበትም፤ ቢሆንም ስሙኝ፣ ልጆቼ።

እኔ ሮዜር እባላለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዕድሜዬን ከማዕድን ከተማችን ከሰድበሪ በስተሰሜን ባሉት ሐይቆች ላይ ስሰረስር ነው የፈጀሁት። በጥር ሐይቁ ሲጠነክር መሰርሰሪያውን በረዶው ላይ እንተክልና ከታች ባለው ዓለት ውስጥ ኒኬል የሚባለው ማዕድን ይኑር አይኑር እናያለን። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የጠፈርተኞች ማሰልጠኛው ጠራኝ። ያን ጊዜ ጨረቃ ላይ ውሃ እንዳለ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ምሁራን ሮኬት ወርውረው ከአንድ የጨለማ ጉድጓድ አቧራ አስነሡና አቧራው ውስጥ ውሃ አገኙ። ፀሐይ፣ ሰው ከመፈጠሩ ከስንትና ስንት ዘመን በፊት ጀምሮ፣ አንዲት ቀን ገብታበት የማታውቅ ጉድጓድ ነው። ውሃው በረዶ ሆኖ፣ እንደ ዓለት ጠንክሮ ከአፈሩ ጋር ተጣብቋል። እሱን ማውጣት ከተቻለ ሰው እዚያው ይጠጣዋል፣ አየር ያወጣበታል፣ ለሮኬቱም ነዳጅ ይሠራበታል። ምሁራኑ ይህን ሁሉ ያውቁታል። የቀዘቀዘ መሬት ሲሰረሰር ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ግን አልነበራቸውም፤ እኔን አገኙ።

ሚሬይ ወደ ጉድጓዱ እንድትወርድ የተመረጠችው ጠፈርተኛ ናት። ከእኛም ወደ ሰሜን ዘልቃ ያለች የወርቅ ማዕድን ከተማ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። ፔፔር ትለኛለች፤ በእኛ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ቤት አያት የሚጠራው እንዲህ ነው። ልጅ ስላልወለድኩ ይህ ስም ከሁሉም ይጥመኛል።

በማሰልጠኛው በር ላይ፣ በሁለት ማንጠልጠያ፣ አንድ የዛገ የመሰርሰሪያ ዘንግ ተሰቅሎ ነበር። የኡርሆ ዘንግ ይባላል። ለሥራ የሚወጣ ሁሉ ይነካዋል። ሚሬይ ወደ ጨረቃ ልትሄድ ስትሰናበተን ነክታ ብቻ አልተወችውም፣ ሳመችው። ኡርሆ የሥራ ጓዴ ነበር፤ ፊንላንዳዊ፣ ረጅም፣ ቀኑን ሙሉ ከሦስት ቃል በላይ የማይናገር። ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት በአንድ የጥር ቀን ዘንጋችን ቀዳዳው ውስጥ ቀዝቅዞ ቀረ። ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ብርድ ላይ ሁለታችን ታግለን አወጣነው፤ ስንመለስ የኡርሆ ልብ መንገድ ላይ ቆመ። እኔ እንዲያ ብዬ ነበር የማወራው። ካወራሁም በኋላ ለወጣቶቹ «ብረታችሁን ትታችሁ እንዳትመጡ፤ እንዲህ ያለ ሰው ዘንግ ነው የምትነኩት» እላቸዋለሁ። ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። ከሁሉ የበራው የሚሬይ ነበር።

ሚሬይ ወደ ጉድጓዱ የወረደችበት ቀን መጋቢት ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ እኛ በማሰልጠኛው ክፍል ስክሪኖቹ ፊት ተቀምጠናል። የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር አይኖ ናት። አይኖ የኡርሆ የልጅ ልጅ ናት። እናቷ አባቷን በቅጡ ሳታውቅ አደገች፤ አይኖ ደግሞ በእኔ ወሬ ነው አያቷን ያወቀችው። አጎቴ ሮዜር ትለኛለች፤ እርስዎ እያለች።

አንድ ሕግ አለ፤ ከጨረቃ ጋር የሚነጋገረው አንድ አፍ ብቻ ነው። እሱም የበረራው መቆጣጠሪያ ባለበት ሂዩስተን የተቀመጠው ዌንዴል ነው። ሚሬይ የምትለውን ሁላችንም እንሰማለን፤ እኛ ግን የምንለው ካለ አይኖ ለዌንዴል ትነግራለች፣ ዌንዴል ለሚሬይ። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ጆሮዋ ላይ እንዳይጮኽባት ነው። መልካም ሕግ ነው። የዚያን ቀን ግን አፌን ያሰረው እሱ ነው።

የእኔ ሥራ ማዳመጥ ነበር። እዚያ አየር ስለሌለ ድምፅ የለም። የዘንጉን መንቀጥቀጥ ግን መሣሪያ ይይዝና ወደ ድምፅ ለውጦ በማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ያስገባዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ሐይቁ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል።

ሚሬይ ብቻዋን ነው የወረደችው። ጓደኛዋ ቶቢያስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ትልቁን መብራት ይዞ ቆሟል። እሷ ጋ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሠላሳ ዲግሪ ነው። የጠፈር ልብሷ ያን ብርድ የሚችለው ለሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ዳገቱን ለመውጣት አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሲሞላ ፊቷን ወደ መብራቱ ማዞር አለባት።

«ፔፔር፣ ሾርባህን ጨረስክ?» አለች ሥራ እንደ ጀመረች። «ወይስ እንደ ልማድህ ጢምህ ነው የጠጣው?»

ክፍሉ ሳቀ። ጢሜን ጠረግሁት፤ እውነቷን ነው፣ አተር ነበረበት። መልስ መስጠት እንደማልችል ስለምታውቅ ነው እንዲህ የምትቀልደው።

«እግሬን ደግሞ ውሻ ይዞ እየነከሰኝ ነው» አለች ከጥቂት ጊዜ በኋላ። «ዌንዴል፣ ለጫማ ሠሪዎቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከእነ ስድቡ።»

«ከእነ ስድቡ ይደርሳል» አለ ዌንዴል።

ከወረደች አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲሆን ዘንጉ አንድ ሜትር ዘልቆ ነበር። ድምፁ ቀጭን ሆነ። ከዚያ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ማፋጨት ጀመረ። ስክሪኑ ገና ምንም አላሳየም። «አይኖ፣ እንዳታቆመው በያት፤ ካቆመችው ይያዛል» አልኩ። አይኖ ለዌንዴል ስትነግር፣ ዌንዴል ለሚሬይ ሲነግር፣ ቃሉ ጨረቃ ሲደርስ፣ መሰርሰሪያውን አቁማለች። ልትሰማው እጇን ዘንጉ ላይ አሳርፋ። እንዲያ አድርጊ ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ሐይቅ ላይ እንዳይቀዘቅዝ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ስለምንሰድበት ለአፍታ ቢቆም ግድ የለም። እዚያ ግን ምን ውሃ አለ? የመሰርሰሪያው ጥርስ ያሞቀው በረዶ በአንድ ትንፋሽ መልሶ ጠጠረና ዘንጉን ያዘው።

ዘንጉ ውስጡ ክፍት ነው፤ የያዘውም ሰው በእጁ ሊያወጣው የተቃረበውን የመጀመሪያውን የጨረቃ ውሃ ነው። ስለዚህ ማንም ተዪው ሊላት አልፈለገም። ታግላለች። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ። ሂዩስተን ቁጥሩን አይቶ ባትሪዋ ጥሩ ነው፣ አሥር ደቂቃ ጨምረንላታል አለ። አልወደድኩትም፤ ቢሆንም እኔ ማን ነኝ ብዬ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አጠበቅሁ።

«እግርሽስ?» አለ ዌንዴል።

«ተሽሎኛል፤ ማመሙን ተወኝ» አለች።

«ጥሩ ዜና ነው።»

ልጆቼ፣ የሾርባው ኩባያ ከእጄ ወደቀ። እንዴት እንደ ወደቀ አላየሁም፤ ሱሪዬ ሲረጥብ ነው ያወቅሁት። ስክሪኑ ላይ የእግሯ ምልክት አረንጓዴ ነው። ሁሉም ወደ ዘንጉ ቁጥር ነበር የሚያየው።

«አይኖ፣ ያችን ልጅ አስወጧት።»

«ምን ሰሙ? ዘንጉ ሊሰበር ነው?»

«ዘንጉን ተዪው። እግሯ ነው።»

«እግሯ እኮ አረንጓዴ ነው፣ አጎቴ ሮዜር። ይኸው።»

«የሚለካው የማሞቂያውን ሽቦ ነው። ሽቦው ሞቋል። ጣቷ መሞቁን በምን ታውቂያለሽ?»

አይኖ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሂዩስተን ተናገረች። ሐኪሙ ተጠየቀ፤ ሐኪሙም ቁጥሩን አየና ችግር አይታየኝም፣ ለማንኛውም ራሷ ትጠየቅ አለ። ዌንዴል ጠየቃት። ከጨረቃ መልስ እስኪመጣ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። ያን ያህል ረጅም መሆኑን እስከዚያች ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ደህና ነኝ አልኩ እኮ» አለች። «ዌንዴል፣ ሁለት ዙር ብቻ ስጡኝ፤ እየተነቃነቀ ነው። ደግሞ ፔፔር እየሰማኝ ነው። ብረቴን ትቼ ብመለስ በየት በኩል ነው በዚያ በር የምገባው?»

አንድ ልጅ ከኋላዬ ሳቀ። ሁለት ዙር ብቻ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የእኔ ቃል ነው፤ ሐይቁ ላይ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ ለኡርሆ ያልኩት።

መንገር ነበረብኝ። ግን እዩት፣ የምነግረው ለአይኖ ነው። እሷ ካልተናገረችው ቃሉ የትም አይደርስም። አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት ይላል ስክሪኑ። ኡርሆ ከሞተ ጀምሮ የፈራሁት ነገር በአንዲት ወንበር ርቀት ተቀምጧል።

«አይኖ» አልኳት። «በሩ ላይ ያለው ዘንግ የአያትሽ አይደለም።»

ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም። «አሁን ነው ይሄ የሚወራው?»

«አሁን ነው። ዘንጉ አልወጣም። እስከ ዛሬ ሐይቁ ሥር ነው። በሩ ላይ ያለውን ከመጋዘን አንስቼ ነው የሰቀልኩት።»

«አጎቴ ሮዜር፣ ምን እያሉ ነው?»

«አያትሽ እግሬ ማመሙን ተወኝ አለኝ። እንሂድ አለኝ። እኔ ነኝ እንኳን ተወህ፣ ሁለት ዙር ብቻ እንሞክር ያልኩት። አንድ ሰዓት አቆየሁት። ስንመለስ እግሩ አልታዘዝ አለውና በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ልሸከመው ሞከርኩ፣ ከበደኝ። መኪናውን ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ጓንቱን አውልቆ፣ ኮቱን ፈትቶ፣ ሞቆኛል እንደሚል ሰው ተጋድሞ አገኘሁት። ልቡ መንገድ ላይ ቆመ ያልኩት ውሸት ነው። የዘንጉም ውሸት ነው።»

አይኖ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም።

«ሴት አያቴ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«ቤታችን እየመጣህ፣ ጠረጴዛችን ላይ እየበላህ።»

አንተ አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም። ለአያቷ ለሄልሚ ባልሽ በከንቱ ሞተ ማለት አቅቶኝ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እኔ ነኝ ያቆየሁት ማለትን ፈርቼ ነው።

«ሚሬይ ብረቱን የማትተወው በእኔ ወሬ ነው» አልኳት። «ሐኪም ቢላት አትሰማም። እሷ አሁን ኡርሆን ነው እየመሰለች ያለችው፤ እኔ የፈጠርኩትን ኡርሆ። እውነተኛውን ንገሯት።»

አንድ ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ።

አይኖ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። «አጭር ስጠኝ። ዌንዴል ረጅም ነገር አይነግራትም።»

ሰጠኋት። ቁልፉን ተጭና ለሂዩስተን አንድ በአንድ አለችው፤ «ለሚሬይ፣ ከፔፔር። የኡርሆ ዘንግ አልወጣም። እግሩ ማመሙን ሲተወው አልሄድንም፣ እሱ ሞተ። ተዪው።»

ዌንዴል አመነታ። «ይሄ... የሥራ መልእክት ነው?»

«የሥራ ነው» አለች አይኖ። «ኡርሆ አያቴ ነው። ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገራት።»

ነገራት። ደግ ሰው ነው፣ አንድ ቃል አላጎደለም።

ሁለት ሰከንድ ተኩል አለፈ። አምስት አለፈ። በማዳመጫዬ ዘንጉ ላይ ያረፈ እጇ ይሰማኛል፤ ቀስ ያለ፣ እንደ ትንፋሽ ያለ መንቀጥቀጥ። እንደገና ትገፋው ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ ኳ አለ፤ እጇ ተነሣ። ከዚያ ምንም።

«ሰማሁ» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ ቀልድ የሌለበት። «ትቼዋለሁ። እየወጣሁ ነው።»

የባሰው ፍርሃት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘንጉን ስትለቀው እኔም የምሰማው ነገር ጠፋ፤ ማዳመጫውን አውልቄ እጄ ላይ ይዤ ተቀመጥሁ። ከክፍሉ ድምፅ ማጉያ የሚመጣው ትንፋሽዋ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የራስ ቁሯ መብራት የሚያሳየው ሁለት እርምጃ አፈር፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር። ያ ጥቁር ግን እንደ ቤት ውስጥ ጨለማ አይደለም፤ መብራት ሲነካው እንኳ የማይሸሽ ነው።

አሥር ደቂቃ እንደ ሄደች ወደቀች። ተነሣች። ትንሽ ሄዳ እንደገና ወደቀች።

«እግሬ የት እንዳለ አላውቅም» አለች። «ሳየው አለ። ሳላየው የለም።»

«እያየሽው ሂጂ» አለ ዌንዴል።

«እያየሁት ነው። ዌንዴል፣ ትንሽ ልቀመጥ?»

ከወንበሬ ተነሣሁ። አይኖ ሳልነግራት ቁልፉን ተጭናለች። «እንዳትቀመጥ። ከተቀመጠች አትነሣም። እንዳትቀመጥ በላት።» ድምፅዋን ስሰማ ሌላ ሰው የተናገረ መሰለኝ።

«እንዳትቀመጪ» አለ ዌንዴል። «ወሬ አውሪ። ጫማ ሠሪዎቹን ስደቢልኝ።»

ሰደበቻቸው። እየተንተባተበች፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተያዘ፣ እናታቸውንም አባታቸውንም ሳትተው። የእሷን ስድብ እንደ ጸሎት ያዳመጥኩበት ቀን ያ ነው። ከዚያ ስድቡም ቆመ።

አረንጓዴው ምልክት አሁንም አረንጓዴ ነው። ቶቢያስ ሊወርድላት ፈቃድ ጠየቀ፤ አፋፉን ለቆ እንዳይወርድ ሕግ አለበት። ሂዩስተን መልስ ሳይሰጠው የእሱ መብራት ሲንቀሳቀስ አየነው። ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ እየወረደ ነበር። አንዳንዱ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው መሄዱን ለማሳወቅ ብቻ ነው። አንድ መቶ እርምጃ ሲቀራት ደረሰባት። በአራት እግሯ ነበር የምትወጣው።

ወደ ሙቀት የገቡት ከተፈቀደው ሰዓት አራት ደቂቃ አሳልፈው ነው።

ከግራ እግሯ ሦስት ጣት ተቆረጠ። እግሩ ግን አለ፤ እሷም አለች። ከሐኪም ቤት በስልክ አገናኙንና ምን ልበላት ብዬ ስፈራ እሷ ቀደመችኝ።

«ፔፔር፣ ውሸታም ነህ።»

«ነኝ፣ ልጄ።»

«እግር ማመሙን ሲተው እንደሚያስፈራ ለምን አልነገርከኝም?»

«እሱን ብነግርሽ ከየት አወቅኸው ትይኝ ነበር።»

«እል ነበር» አለች። «ዘንጌ እዚያ ነው ያለው። ውሃው ውስጡ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚሄዱት በማይቆም መሰርሰሪያ ያወጡታል። እኔም አስተምራቸዋለሁ። አንተም ታስተምራቸዋለህ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳትዋሽ።»

አይኖ ግን እንደ ሚሬይ ቀድማ ቃል አላወጣችም። የዚያን ቀን ከክፍሉ ስትወጣ በር ላይ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ዘንጉን ከማንጠልጠያው አውርዳ መጋዘን፣ ከሌሎቹ ጋር፣ ከተነሣበት ቦታ መልሳ አስቀመጠችው። ሚያዝያ እስኪያልቅ አላናገረችኝም። በመተላለፊያው ስንገናኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ታልፋለች። ይገባኛል፤ ይገባኛል ማለት ግን አይቀለኝም።

በግንቦት መጀመሪያ፣ የሐይቁ በረዶ በሄደ በሳምንቱ፣ መኪናዋን ቤቴ በር ላይ አቆመች። ከኋላ ትንሽ ጀልባ ጭናለች።

«ቦታውን አሳየኝ» አለች።

ወደዚያ ሐይቅ ዳግመኛ ሄጄ አላውቅም ነበር። የቀዘፈችው እሷ ናት፤ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እጄን በጉልበቶቼ መሐል ደበቅሁ። ከጥድ ዛፎቹ ወዲህ፣ ከቀዩ ዓለት ትይዩ ስንደርስ «እዚህ ጋ ነው ቀዳዳው» አልኳት። ወደ ሐይቁ ዳር ደግሞ ጠቆምኳት። «የተቀመጠው እዚያ። ከዚያ ጉቶ አጠገብ።»

ብዙ ጊዜ ወደ ጉቶው አየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ አስገባች። ገና ከበረዶ የተፈታ ውሃ ነው። ጥርሷን ነክሳ ያዘችው።

«ያምማል?» አልኳት።

«ያምማል።»

ቆጠርኩ። ከንፈሯ ነጣ። አላወጣችውም።

«አሁንስ?»

«ያምማል።»

ማመሙን ተወኝ እስክትለኝ አልጠበቅሁም። ጎንበስ ብዬ እጇን ይዤ ከውሃው አወጣሁት፣ በኮቴም ጠቀለልኩት። አልከለከለችኝም። እስኪሞቅ ድረስ ይዤው ተቀመጥሁ፤ ጀልባዋም ሳንቀዝፋት ወደ ዳር ሄደች።